ዙሀራ እማወራ የሆነችበት ዓመት

ዙሀራ እኛ ግቢ የገባችው የካቲት ሲያልቅ ነው። ፍራሿንና በማዳበሪያ የታሰረ ልብሷን በጋሪ አስጭና መጣች። ከጋሪው ኋላ ልጇ ሱሀይላ አንዲት ትንሽ ገንቦ በሁለት እጇ አቅፋ፣ የምትረግጠውን ድንጋይ በዓይኗ እየመረጠች ቀስ ብላ ትራመዳለች። የግቢው ባለቤት እትዬ በለጡ ሊያግዟት እጃቸውን ሲዘረጉ ልጅቱ ሸሸት አለች።

“እኔው ልያዘው” አለች።

እኔ ቅቤ መስሎኝ ነበር። ገንቦዋ ውስጥ ያለው እርጥብ አሸዋ እንደሆነ፣ አሸዋው መሀል ደግሞ የሱሀይላ የስኳር መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑ፣ እንደሚቀበር የሰማሁት በማግስቱ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው እንዳይበላሽበት እንዲህ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። ታሪኳን ቁጭ ብላ ነግራኝ አታውቅም። ልብስ ስናጥብ ትንሽ፣ ቦኖ ውሃ ተሰልፈን ስንጠብቅ ትንሽ እያለች ነው የነገረችኝ። አንዳንዱን ደጋግማ ታነሳዋለች፤ አንዳንዱን አንዴ ተናግራው ዳግመኛ አልተመለሰችበትም። እኔ እዚህ በአንድ ሰብስቤዋለሁ።

ዙሀራ የከተማችን የመካነ ሰላም ልጅ አይደለችም። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ገብስና ባቄላ ከሚዘራበት ደጋ ነው የተወለደችው። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ከሙሐመድኑር ጋር ኒካህ ታሰረላት፤ ብዙም ሳይቆይ ሪያድ ሄደች። እዚያ ከአልጋ የማትነሳ አንዲት አሮጊት ስታገላብጥ፣ ስታጥብና ስታበላ ኖረች። የምታገኘውን ሁሉ ለባሏ ትልካለች። ሙሐመድኑር በዚያ ገንዘብ እዚህ መካነ ሰላም ቦታ ገዝቶ የቆርቆሮ ቤት ሠራ። ቦታው በእሱ ስም ነው የተጻፈው፤ እሷ አገር ውስጥ አልነበረችም።

“የመስኮቱን ቀለም እንኳ በስልክ የመረጥሁት እኔ ነኝ” አለችኝ አንዴ። “አረንጓዴ ይሁን አልሁት። ቀብቶ ፎቶ ላከልኝ። ፎቶውን ለአሠሪዬ ለማዳም ሳሳያት ‘የማን ቤት ነው?’ አለችኝ። ‘የኔ’ አልኋት።”

ስትመለስ እዚያው ቤት ገባች፤ ሱሀይላንም ወለደች። ሙሐመድኑር በግ ነጋዴ ነው። ከዚህ አካባቢ ይሰበስብና ወረኢሉ ገበያ ይወስዳል። የሳምንቱን እኩሌታ መንገድ ላይ ነው። ስለዚያ ጊዜ ስታወራ ክፉ ሰው አልነበረም ትላለች። ሲመጣ ለልጁ ሙዝ ይዞላት ይመጣል፤ ቤት ውስጥ የጎደለውን ሳይነግሩት ያያል።

ሱሀይላ ትምህርት ቤት በገባች በሁለተኛው ዓመት ውሃ ውሃ ማለት ጀመረች። ጠጥታ አትረካም። አልጋ ላይ መሽናት የተወችው ልጅ እንደገና ጀመራት። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ጎረቤቱ “ዓይን ነው” አለ። ሙሐመድኑርም ዱዓ እንዲያደርጉላት ሸህ ጋሹ ዘንድ ወሰዳት። ሸህ ጋሹ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዱዓቸውን አድርገው ሲጨርሱ “ሐኪምም አሳያት ልጄ፤ የአፏ ሽታ ደስ አላለኝም” አሉት። በማግስቱ ልጅቱ ክፍል ውስጥ ወደቀች። መምህሯ በጀርባው አዝሎ ሆስፒታል አደረሳት።

የስኳር ሕሙማንን የሚከታተለው ነርስ አድማሴ ይባላል። ሱሀይላ ዓይኗን ስትገልጥ ዙሀራን ከክፍሉ አስወጥቶ “ስኳር ነው” አላት።

“ስኳር የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ? የጠገበ ሰው በሽታ?”

“የልጅም አለ። የሷ ሰውነት ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር መሥራት አቁሟል። ስለዚህ ከውጭ በመርፌ እንሰጣታለን። ጠዋትና ማታ ትወጋለች።”

“እስከ መቼ?”

“ዕድሜ ልኳን” አላት አድማሴ።

ዙሀራ ያን ሰዓት አላለቀሰችም። ያለቀሰችው መርፌውን የምትወጋት ራሷ መሆኗን ስትሰማ ነው። ሪያድ እያለች ያችን አሮጊት ነርስ መጥታ ስትወጋት ዙሀራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትቆመው። አድማሴ በብርቱካን አለማመዳት። ብርቱካኑን ደጋግማ ከወጋች በኋላ ባዶውን መርፌ በራሷ ጭን ሰካችው። ሦስተኛው የልጇ ክንድ ነበር። ሱሀይላ “አላመመኝም እማ” አለቻት፤ ዙሀራ እንደዋሸቻት ታውቃለች።

ደግነቱ ጤና መድን ነበራቸው። በዓመት አንዴ መዋጮ ትከፍያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ሲታመም በጤና ጣቢያውም በሆስፒታሉም እጅሽን ወደ ኪስሽ ሳትከቺ ትታከሚያለሽ። ሙሐመድኑር የተመዘገበው ከጓደኞቹ ጋር ቀበሌ ሄዶ፣ ነገሩን ብዙም ሳያስብበት ነበር። ኢንሱሊኑ በዚያ ካርድ ይመጣል። ከግል መድኃኒት ቤት እየገዙ ይዝለቁ ቢባል በጉ ሁሉ ተሸጦም አይዘልቅም። ካርዱ ላይ የአባወራው ስምና ፎቶ ከላይ ነው፤ ዙሀራና ሱሀይላ ከሥሩ ናቸው። ያን ጊዜ ዙሀራ ይህን ልብ ብላ አላየችውም። ማንስ ያየዋል?

ልጅቱ ከታመመች ወደ ሁለት ዓመት ሲሆናት ሙሐመድኑር ወረኢሉ መሰንበት አበዛ። ግንቦት ላይ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጣና ጫማውን ሳያወልቅ “ወረኢሉ ኒካህ አስሬያለሁ። ከሰው ከምትሰሚ ብዬ ነው” አላት።

“በኔ ላብ?” አለችው።

በጥፊ መታት። ሱሀይላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሙሐመድኑር ራሱ ደነገጠ፤ ከዚያ በፊት እጁን አንስቶባት አያውቅም። እጁን አየት አድርጎ ወጣና ሄደ።

ዙሀራ በማግስቱ ልጇን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። የመድኃኒቱን ብልቃጥና መርፌዎቹን ይዛለች። ካርዱ ግን የሙሐመድኑር ኮት ኪስ ውስጥ ነበር። ኮቱ ደግሞ ከሱ ጋር ወረኢሉ ነው።

እናቷ ቤት ስትገባ ጫንቃዋ ላይ የነበረ ነገር የወረደላት መሰላት። ሱሀይላ ጥጃ ስታባርር ዋለች፤ ጉንጮቿ ቀሉ። “እዚሁ ቅሪ” አሏት እናቷ። “የአባትሽ መሬት አለ። ለኛ አያንሰንም።” ዙሀራም ልትቀር ቆርጣ ነበር። ብልቃጡ ግን ይጎድላል። በየጠዋቱ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየዋለች። ልጅቱ ከመወጋቷ በፊት አንዴ፣ ከተወጋች በኋላ አንዴ።

ለሰፈሩ የሚቀርበው ጤና ጣቢያ ሄደች። ያገኘችው ባለሙያ ወጣት ነው፤ በትሕትና አዳመጣት።

“ኢንሱሊን እኛ ጋ አይመጣም እህቴ፤ ሆስፒታል ነው ያለው። ሆስፒታል በመድን እንድትታከሚ ደግሞ ሪፈር የሚጽፍልሽ የተመዘገብሽበት ጤና ጣቢያ ነው። ካርድሽ የት ነው?”

“መካነ ሰላም።”

“እንግዲያው ከዚያው ነው የምታጽፊው። እዚህ አዲስ እንዳትመዘገቢ ምዝገባው አልፏል። የሚከፈተው ታህሳስ ላይ ነው።”

ገና ሰኔ አልገባም ነበር። ዙሀራ ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ወሮቹን በሆዷ ስትጠራ ነበር።

ብልቃጡ ሊያልቅ ሲል ተነሳች። እናቷ መኪና እስከሚገኝበት መንገድ ሸኟት።

“ወደ መታሽ ሰው ልትመለሺ ነው?” አሏት።

“ወደሱ አይደለም እማ። ወደ መድኃኒቱ ነው።”

አሮጊቷ ሱሀይላን ግንባሯን ስመው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ተመለሱ።

መካነ ሰላም ስትደርስ ሙሐመድኑር ግቢ ውስጥ በግ እያሰረ ነበር። “መጣችሁ?” አለ። ይቅርታም አልጠየቀ፣ አልተቆጣም። ካርዱን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አኖረላት፤ ወዲያው ወደ በጎቹ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሙሐመድኑር ሞላ ከሚባል የበግ ነጋዴ ጓደኛው ጋር ደጅ ተቀምጠው ሲጫወቱ ዙሀራ ከጓዳ ትሰማቸዋለች። ሞላ “ሁለተኛ ስታገባ ዝም አለችህ እንዴ?” ሲል ጠየቀው።

“ሄዳ ነበር” አለ ሙሐመድኑር። “ልጅቱ መድኃኒት ትፈልጋለች፤ ካርዱ በኔ ስም ነው። ወዴት ትሄዳለች?”

በክፋት አልተናገረውም። ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው ነው ያወራው። ዙሀራን የጎዳትም ይኸው ነው።

“ቢፎክርብኝ ይሻለኝ ነበር” አለችኝ። “እሱ ግን ያለውን ነው የተናገረ። እኔም አውቀው ነበር። ሁለታችንም እያወቅን አንድ ጣራ ሥር ቁጭ አልን።”

ክረምቱን እንዲህ አሳለፈችው። ሲመጣ ታበስልለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች። አይጣሉም። አልጋዋን ወደ ሱሀይላ ክፍል ወሰደች፤ እሱም ለምን አላላትም። ሰው ቢያያቸው ሰላም ያለበት ቤት ይመስለው ነበር። ሱሀይላ ግን አባቷ ቤት ሲገባ መናገር ትታለች። የሚያመጣላትን ሙዝ ተቀብላ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እዚያው ይጠቁራል። ለዙሀራ በሩ ክፍት ነው፣ ቁልፉም በእጇ ነው፤ ወደ ገበያ ትወጣለች፣ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች፣ ማንም አያግዳትም። ግን የትም ብትሄድ ከብልቃጡ ሩቅ መሄድ አትችልም።

በዚያው ክረምት ሄለን ከሪያድ ደወለችላት። ሄለን የኩታበር ልጅ ናት፤ አብረው ሪያድ የነበሩ፣ ሲያማት የምታስታምማት፣ ስትባረር የምታስጠጋት ጓደኛዋ።

“ጥሩ ቤት አግኝቼልሻለሁ” አለቻት። “ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቪዛውን እነሱ ይጨርሳሉ። ነይ፤ ለልጅሽ መድኃኒቷን ከፈለግሽበት እየገዛሽ ትልኪላታለሽ። የማንንም ደጅ አትጠኚም።”

ዙሀራ ስታስብበት ሰነበተች። ልጅቱን ማን ይወጋታል? ለሙሐመድኑር አትተዋትም። ከእናቷ ሌላ ሰው የላትም። ስለዚህ እንደገና ወደ እናቷ ሄዳ መርፌውን ታለማምዳቸው ጀመር። አሮጊቷ መርፌውን ወደ በሩ አቅርበው፣ አርቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ገልጠው ቢያዩት ቀጫጭኑ መስመር አልታይ አላቸው። “እዚህ ጋ ነው?” አሉ። ከሚገባው እጥፍ ስበውት ነበር።

“ይህን ብትወጓት ልጅቱ ትሞታለች እማ።”

እናቷ መርፌውን መደቡ ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ነጠላቸው ሥር ደበቁ። ከዚያ ወዲያ አልነኩትም። ዙሀራም ለሄለን ሳትመልስላት ቀረች። “እምቢ ማለት አቃተኝ፤ እሺ ማለትም አቃተኝ” አለችኝ። ሄለን ደጋግማ ድምፅ ስትልክላት ሳትከፍተው ትተኛለች።

ኅዳር ላይ መንገድ ተዘጋ። መንገድ መዘጋት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ተኩስ ተሰማ ይባላል፣ መኪና ይቀራል፣ ሱቅ ውስጥ ዘይት ይጠፋል፤ ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ግን ከደሴ የሚመጣው መድኃኒትም አብሮ ቀረ። ሆስፒታሉ የቀረውን ኢንሱሊን ለሕሙማኑ ቆጥቦ ማካፈል ጀመረ። አድማሴ ለዙሀራ ብልቃጡን ሲያቀብላት ቶሎ ከእጁ አልለቀቀውም።

“ይህን አብቃቂው። ቀጣዩ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። ውሃ በደንብ ትጠጣ፣ ምግቧን ጠብቂላት። ከደከመች ሳትቆዪ አምጪያት።”

“አብቃቂው ማለት ምን ማለት ነው? ቀንሼ ልውጋት?”

አድማሴ በትክክል ምን ያህል መቀነስ እንደምትችል አሳያት። “ከዚህ አትውረጂ” አላት። እሱም የሚያደርገው አጥቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር ትላለች።

ሱሀይላ ከንፈሯ ደረቀ፤ እንደ ድሮው ውሃ ውሃ አለች። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። በሁለተኛው ጊዜ ዙሀራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሳለ ልጅቱ ዓይኗን ሳትገልጥ “እማ፣ አባ መንገዱን አያስከፍተውም?” አለቻት። አባቷ መንገዱን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው። ዙሀራ “ያስከፍተዋል” አለቻት። መንገዱ ሲከፈት መድኃኒቱ በመጀመሪያው መኪና መጣ። ልጅቱ ተረፈች፤ ክብደቷ ግን እስኪመለስ ብዙ ቆየ።

ታህሳስ ገባና የጤና መድን እድሳት ተጀመረ። ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ ከተማውን እየዞረ “እስከ የካቲት መጨረሻ አድሱ” ይላል። ሙሐመድኑር መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ አልመጣም ነበር። ዙሀራ ደወለችለት።

“ካርዱ መታደስ አለበት። መቼ ትመጣለህ?”

“እኔ እኮ ወረኢሉ ገብቻለሁ” አላት። “ነዋሪነቴን ወደዚህ አዙሬያለሁ። የጤና መድኑንም እዚሁ አወጣለሁ።”

“እኛስ?”

“ኑዋ። አንድ ክፍል አለ። ሁላችሁንም እዚህ አስመዘግባችኋለሁ። ያንን ቤት አከራየዋለሁ።”

“ሴትየዋ ቤት ልንገባ?”

“ይህም ቤት የኔ ነው ዙሀራ።”

ስልኩ ሳይዘጋ ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆየች። እሱም አልዘጋውም። ከወዲያ በኩል የሕፃን ለቅሶ ትሰማ ነበር። ልጅ መውለዳቸውን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

የቀበሌያችንን የጤና መድን ምዝገባ የምትሠራው አልታዬ ናት። ዙሀራ ሰልፉን ጠብቃ ፊቷ ስትደርስ አልታዬ ቀና ሳትል “አባወራው ራሱ ይምጣ” አለቻት። ዙሀራ ነገሩን ስትነግራት ብዕሯን አስቀመጠች።

“መልቀቂያ መውሰዱን አውቃለሁ” አለች። “አንቺ ራስሽ እማወራ ሆነሽ መመዝገብ ትችያለሽ። ግን የተፋታሽ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገኛል። ያለዚያ በሁለት ቦታ ተመዝግበዋል ይሉኛል።”

“ካልፈታኝስ?”

“ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፤ ሽማግሌም አለ። የካቲት እስኪያልቅ ነው ያለሽ እህቴ። ከዚያ በኋላ ባዝንልሽም መዝገቡ ይዘጋብኛል።”

ዙሀራ ከዚያ ሸህ ጋሹ ዘንድ ሄደች። ሸህ ጋሹ ሰምተው ሲያበቁ ወረኢሉ ሰው ላኩ። ሙሐመድኑር ጥር ውስጥ መጣ። ሸህ ጋሹ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ቁርበት ተነጥፎ ተቀመጡ።

“ሴቲቱን አንጠልጥለህ አትተዋት” አሉት ሽማግሌው። “ወይ ግባና ኑር፣ ወይ ፍታት።”

ሙሐመድኑር መሬቱን በስንጥር ሲጭር ቆየ። “እኔ አልጠላኋትም ሸህ። ኑ ብያለሁ። መፈታት የፈለገችው እሷ ናት። እንግዲያው ቤቱን ትልቀቅልኝ፤ ነገውኑ እፈታታለሁ።”

“ቤቱ በማን ላብ እንደተሠራ አላህም ያውቃል፣ አንተም ታውቃለህ።”

“በስሜ ነው ሸህ።”

ሸህ ጋሹ ወደ ዙሀራ ዞሩ። “ልጄ፣ ይህ ሐቅሽ ነው። ፍርድ ቤት ሂጂ፤ ምስክር እኔ እሆንሻለሁ። ስትልኪለት የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። አትቸኩይ።”

“ስንት ጊዜ ይፈጃል?”

“እንጃ። ዓመትም ይሄድ ይሆናል። ከዚያም ይግባኝ አለ።”

“ምዝገባው የካቲት ሲያልቅ ይዘጋል” አለች ዙሀራ። “እኔ ፍርድ ቤት ስመላለስ ልጄ ምን ትወጋለች?”

ሸህ ጋሹ በጣታቸው ይቆጥሩት የነበረውን ሙስበሃ አቆሙት። ሙሐመድኑር ስንጥሩን ሰበረው።

“ውሰደው” አለችው ዙሀራ።

ሙሐመድኑር ቀና ብሎ አያት፤ እንዲህ ቶሎ ትለቀዋለች ብሎ አልጠበቀም ነበር። “ያፈረ መሰለኝ” አለችኝ። “ለሱሀይላ በየወሩ እልካለሁ” አለ። አንዳንዴ ይልካል፣ አንዳንዴ ይረሳል።

ይህን ስትነግረኝ ልብስ እያጠብን ነበር። ንዴት ያዘኝና “ጠበቃ መያዝ ነበረብሽ! የገዛ ቤትሽን እንዴት ትሰጪዋለሽ?” አልኋት። እሷ አንሶላውን እየጨመቀች “ያንቺ ልጅ ስኳር የለባትም” አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ ተናግሬያት አላውቅም።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሰጣትን የፍቺ ወረቀት ይዛ አልታዬ ዘንድ የደረሰችው ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አልታዬ ፎቶዋን ከላይ ለጠፈች፤ “እማወራ” ከሚለው ፊት ለፊት ስሟን ጻፈች።

“የቤተሰብ ብዛት?”

“ሁለት።”

ማኅተሙ አረፈ። ዙሀራ ካርዱን ተቀብላ ፎቶዋን እያየች ሳለ አልታዬ ዓይኗን ሰበር አድርጋ “አዲስ አባል ስለሆንሽ ግን አገልግሎት የምትጀምሪው ከወር በኋላ ነው” አለቻት። የድሮው ካርድ ደግሞ በዚያው ሰሞን ያበቃል።

እንግዲህ እኛ ግቢ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ገንቦዋ ውስጥ የነበረው ብልቃጥ ወር የሚያደርስ አልነበረም። እትዬ በለጡ ይህን ሲሰሙ ኪራዩን ሳያነሱ ሌላ ነገር አነሱ፤ የሰፈራችንን ቅሬ። ቅሬያችን ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ያስቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ለታመመ ሰው መድኃኒት ገዝቶ ግን አያውቅም።

በስብሰባው ላይ እትዬ በለጡ ተነሱ። “ይቺ ልጅ መድኃኒቷን ካጣች ድንኳኑን ለሷ ነው የምንተክለው” አሉ። “ያን ቀን የምናወጣውን ዛሬ እናውጣው።”

የቅሬው ሰብሳቢ ወንድዬ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ደንብ ይወዳል። “ደንባችን አይፈቅድም እትዬ። ነገ ሌላው ታምሜያለሁ ብሎ ቢመጣስ?”

“ይምጣ!”

“ለቀብር የሚሆነን ቢጠፋስ?”

“ሰው ካልሞተ ቀብሩ ምን ያደርግልናል?” አሉ እትዬ በለጡ። የሳቀም ነበር፤ የተቆጣም ነበር። ብዙ ተጨቃጨቅን። ዙሀራ በሩ አጠገብ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። በመጨረሻ ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ ተፈቀደ። ከግል መድኃኒት ቤት ሄዶ ገዝቶ ያመጣውም ያው ወንድዬ ነው። “አብሽሪ” ብሎ አቀበላት። አመሰገነችው፣ መረቀችው። ወደ ቤት ስንገባ ግን “በቁሜ ተለቀሰልኝ” አለችኝና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

አሁን ካርዱ ይሠራል። መድኃኒቱ ሲኖር ታመጣለች፤ የለም ሲሏት በማግስቱ ትመለሳለች። በሆስፒታሉ መንገድ ዳር ሳንቡሳ ትጠብሳለች። አድማሴ ሲያልፍ ቆሞ “ልጅቱስ?” ይላታል። ያንን ቤት ሙሐመድኑር ለመንግሥት ሠራተኛ አከራይቶታል። ዙሀራ ገበያ ስትሄድ በዚያ በኩል አታልፍም፤ ዳገቱን ዞራ ትሄዳለች።

ሄለን አልተወቻትም። “አሁንማ ነፃ ነሽ፤ ነይ” ትላታለች። ዙሀራ ይህን ስትሰማ ትስቃለች፤ የሚያስቅ ሳቅ አይደለም። ካርዱ የሚታደሰው እማወራዋ እዚህ እስካለች ድረስ ነው። ከሄደች ሱሀይላ በማን ሥር ትመዘገባለች? ድሮ በሙሐመድኑር ስም ታስራ ነበር፤ አሁን በገዛ ስሟ ታስራለች። እንዲህ ብላ አልተናገረችም፤ እኔ ነኝ ያልሁት። እሷ ያለችኝ “የትም አልሄድም እንግዲህ” ብቻ ነው።

ሱሀይላ ራሷን መውጋት ተምራለች። መስመሩን ከእናቷ ይልቅ ፈጥና ታነባለች። አንድ ቀን ሳንቡሳ ሲጠቀልሉ “እማ፣ ሳገባ ካርዱ በማን ስም ነው የሚሆነው?” ስትላት ሰማሁ።

“ገና ዐሥራ አንድ ዓመትሽ ነው። ዱቄቱን አቀብይኝ።”

“በማን ነው ግን?”

ዙሀራ ሊጡን ስትዳምጥ ቆየች። ልጅቱም ዱቄቱን አቀበለቻት።

በሰኔ መጨረሻ ከገጠር ሰው መጣ፤ እናቷ ጭቃ ላይ አዳልጧቸው ወድቀዋል። ዙሀራ ሱሀይላን ለኔ ትታ ሄደች። መርፌዋን ልጅቱ ራሷ ስለምትወጋ እኔ ማየት ብቻ ነበረብኝ። ዙሀራ እዚያ መቆየት አልቻለችም፤ ትታቸውም መምጣት አልቻለችም። በኢሱዙ ጋቢና አስቀምጣ አመጣቻቸው። አሁን ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። አሮጊቷ ጉልበታቸው አብጧል፤ ከተማው አልተስማማቸውም፤ የውሃው ጣዕም አስጠላኝ ይላሉ። ዙሀራ አልታዬ ዘንድ ሄዳ እናቷን ካርዱ ላይ እንድትጨምርላት ጠይቃ ነበር። “ይቻላል፤ ግን እድሳት ሲከፈት ነው። ታህሳስ ነይ” ብላታለች።

ትናንት ዝናቡ ሲያባራ በራቸው ላይ ተቀምጠን ነበር። ዙሀራ የእናቷን ጉልበት በሞቀ ውሃ እያሸች “እስከ ታህሳስ እንዳይታመሙብኝ እማ” አለቻቸው።

“እኔስ እሺ ባልሁሽ” አሉ አሮጊቷ፤ “ይቺን ጉልበቴን አስማሚያት እንጂ።”

ሱሀይላ ከት ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ዙሀራ ጨርቁን ውሃው ውስጥ ነክራ ጨመቀችና ማሸቷን ቀጠለች።